የአልኮይ ሙሮች፦ ልብሱ ተርፎ ባለቤቱ የጠፋበት ታሪክ

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር ለንባብ በሚመች መልኩ የተዘጋጀ። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ እዝነትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



በአውሮፓና በአሜሪካ የመካከለኛውን ዘመን ኑሮ ከልባቸው የሚወዱ ብዙ ሰዎች አሉ። በሥራ ቀናት አስተማሪ፣ ሹፌር ወይም የሂሳብ ሠራተኛ የሆነው ሰው ቅዳሜና እሁድ ሲደርስ ጥሩር ለብሶ፣ የራስ ቁር ደፍቶ፣ ጋሻና ሰይፍ ይዞ ሜዳ ይወጣል። ሌሎቹ የዚያን ዘመን ልብስ በእጃቸው ሰፍተው፣ የዚያን ዘመን ምግብ አብስለው፣ ድንኳን ተክለው ይውላሉ። በ1966 በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ከተማ ውስጥ በጥቂት ወዳጆች የተጀመረ አንድ ማኅበር ዛሬ በበርካታ አገሮች አባላት አሉት። ታሪክን እንደገና በትዕይንት መኖር ማለት ይህ ነው።

አንዳንዶቻችን ይህን ስንሰማ ‹‹ሥራ ፈትነት ነው›› እንል ይሆናል። እኔ ግን ለዚህ ዓይነቱ ፍቅር ባይተዋር አይደለሁም። የኢብን በጡጣን ጉዞ፣ የሶላሁዲንን ዘመን፣ የቁርጡባን ቤተ መጻሕፍት ወሬ ማንበብ ከመድረሳ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ ደስታ ነው። ደግሞም ጥሩር ለብሶ አንድ ሰዓት በፀሐይ የቆመ ሰው ‹‹ወታደር›› የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲያ በቀላሉ አይጠራውም። ሸማውን በእጁ የሰፋ ሰው የድሮዋ እናት ስንት ሌሊት ታመሽ እንደነበር ይገባዋል። ያለፉትን ሕዝቦች ሁኔታ ማስተንተን ደግሞ ቁርአን ደጋግሞ የሚያሳስበን ጉዳይ ነው።

ይሁንና ያለፈውን ዘመን መውደድና ያለፈውን ዘመን ሰዎች ማወቅ ለየቅል ናቸው። ይህን ልዩነት ቁልጭ አድርጋ የምታሳይ አንዲት ከተማ አለች። በዚያች ከተማ በየዓመቱ በትዕይንት የሚቀርቡት የመካከለኛው ዘመን ሰዎች ሙስሊሞች በመሆናቸው ጉዳዩ እኛንም በቀጥታ ይመለከተናል።

በአደባባይ የሚደገመው ጦርነት

ከተማዋ አልኮይ ትባላለች። የምትገኘው በምሥራቅ ስፔን፣ በቫሌንሲያ ክልል፣ በተራሮች መካከል ነው። በየዓመቱ በኤፕሪል ወር መጨረሻ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል በሚውልበት ሰሞን፣ ሕዝቡ ለሦስት ቀናት ‹‹ሙሮችና ክርስቲያኖች›› የተባለውን በዓል ያከብራል። ‹‹ሙር›› ስፔናውያን ለአንደሉስና ለሰሜን አፍሪካ ሙስሊሞች የሰጡት ስም ነው። የከተማዋ ነዋሪዎች በ28 ቡድኖች ይደራጃሉ፤ 14ቱ የሙር፣ 14ቱ የክርስቲያን ናቸው።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ክርስቲያኖቹ፣ ከሰዓት በኋላ ሙሮቹ በሙዚቃ ታጅበው ይሰለፋሉ። ሁለተኛው ቀን ለሃይማኖታዊ ሥርዓታቸው የተመደበ ነው። ሦስተኛው ቀን ጦርነት ነው። በአደባባዩ ላይ ከእንጨት የተሠራ ግንብ ይቆማል። መልእክተኛ በፈረስ መጥቶ ግንቡን እንዲያስረክቡ ይጠይቃል፤ እምቢ ይባላል። ነፍጥ ይተኮሳል፣ ከተማዋ በባሩድ ጭስ ትታፈናለች። ጠዋት ሙሮቹ ግንቡን ይይዛሉ፤ ከሰዓት በኋላ ክርስቲያኖቹ ያስመልሱታል። በመጨረሻም ጊዮርጊስን ሆኖ የሚጫወት ትንሽ ልጅ በግንቡ አናት ላይ ብቅ ብሎ ቀስት ይወረውራል፤ ድሉም ይታወጃል።

የሙሮቹ ሰልፍ በድምቀቱ የታወቀ ነው። ትልልቅ ጥምጥም፣ በወርቅ ክር የተሠራ ካባ፣ ጎራዴ፣ የጨረቃ ምልክት ያለበት ሰንደቅ፣ ቀስ ብሎ የሚረግጥ ከበሮ ይታያል፣ ይሰማል። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጥምጥም ሥር ያለው ሰው ሲጋራውን በአፉ ይዞ ይራመዳል፤ ከተማዋ የምትታወቅበትን የቡና አረቄም ይጠጣል። የሚተኮሰው ነፍጥም ቢሆን ትዕይንቱ በሚያስታውሰው በ1276 በዚያ አገር አልነበረም። በዚህ ላይ ሕዝቡ ሙርና ክርስቲያን ተብሎ ተከፍሎ መሰለፉን የሚናገረው የታወቀ ጥንታዊ ማስረጃ የ1668 ነው። ልብ በሉ፣ ይህ እውነተኞቹ ሙስሊሞች ከአገሪቱ ተጠርገው ከወጡ ከ50 ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። ሙሩን የሚጫወተው ሰው የተገኘው ሙሩ ከሄደ በኋላ ነው።

ታላቁ ዓሊም ኢብን ኸልዱን በሙቀዲማቸው ውስጥ ተሸናፊ ሕዝብ በአለባበስም በልማድም አሸናፊውን እንደሚኮርጅ ጽፈዋል፤ ምሳሌ ያደረጉትም የዘመናቸውን አንደሉሶች ነው። በአልኮይ የምናየው የዚህ ግልባጭ ነው፤ የአሸናፊው የልጅ ልጆች የተሸናፊውን ልብስ ለብሰው ይጨፍራሉ። እንዲህ ያለው ነገር የሚሆነው ተሸናፊው የሚያስፈራ መሆኑ ሲያበቃ ነው።

አል-አዝረቅ ማን ነበር?

ትዕይንቱ የሚያስታውሰው ሰው በእውነት የነበረ ነው። ስሙ አቡ ዐብዲላህ ሙሐመድ ኢብን ሁዘይል ሲሆን ‹‹አል-አዝረቅ›› በሚለው ቅጽል ይታወቃል፤ ሰማያዊው ማለት ነው። ስያሜውን ያገኘው በዓይኑ ቀለም ምክንያት እንደሆነ ይነገራል። ከአልኮይ በስተምሥራቅ ባሉት ተራሮች፣ በአልካላ ሸለቆ የሚኖር የምሽጎች ጌታ ነበር።

የአራጎኑ ንጉሥ ቀዳማዊ ሃይሜ በ1238 የቫሌንሲያን ከተማ በእጁ አስገባ። ከዚያም ወደ ደቡብ ተራሮች ገፋ። በ1245 አል-አዝረቅ ከንጉሡ ልጅ ከልዑል አልፎንሶ ጋር ውል ተፈራረመ። በውሉ መሠረት የተወሰኑ ምሽጎችን ለራሱና ለዘሩ ይይዛል፤ ሌሎቹን ወዲያው ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ያስረክባል። ይህ ውል የተጻፈበት ብራና እስከ ዛሬ በባርሴሎና በአራጎን ዘውድ ቤተ መዛግብት ይገኛል። በአንዱ ብራና ላይ የአረብኛው መስመርና የእነሱ ቋንቋ መስመር አንዱ ከሌላው ሥር ተጽፏል። ከአልባሳቱ ሁሉ ይልቅ ያን ዘመን የሚያሳየን ይህ ቁራጭ ቆዳ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሁለት ሕዝቦች፣ በሁለት ቋንቋ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ሊስማሙ ሞክረው ነበር።

ውሉ ግን አልቆየም። ሦስቱ ዓመታት ሲቃረቡ አል-አዝረቅ አመጸ፤ ተራራማው ሙስሊም ሕዝብም ተከተለው። ንጉሥ ሃይሜ በራሱ አንደበት ባስጻፈው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ይህንን ሰው በምሬት ያነሳዋል። ጦርነቱ ለዓመታት ከቆየ በኋላ በ1258 አል-አዝረቅ አገሩን ለቆ ተሰደደ። በ1276 ሌላ አመጽ ሲነሳ ተመልሶ መጣና በአልኮይ በር ላይ ተገደለ። ንጉሡም በዚያው ዓመት፣ በሐምሌ ወር ሞተ። ሁለቱ ባላንጣዎች በአንድ ዓመት ወደ ጌታቸው ሄዱ።

ከውል ወደ ስደት

የአልኮይ ትዕይንት በዚህ ያበቃል፤ የሕዝቡ ታሪክ ግን ከዚህ በኋላ ገና 333 ዓመታት ይቀሩታል። ድል የተደረጉት ሙስሊሞች በአንድ ጊዜ አልጠፉም። ሙደጀን ተብለው በክርስቲያን ነገሥታት ሥር ግብር እየከፈሉ፣ መስጂዳቸውንና ቃዲያቸውን ይዘው ኖሩ። በቫሌንሲያ ገጠር አራሹ፣ ውኃ አጠጪው፣ ሸክላ ሠሪው እነሱ ነበሩ። ስፔኖች ዛሬም የመስኖ ቦይን ‹‹አሴኪያ››፣ ዘይትን ‹‹አሴይቴ›› ይላሉ፤ የመጀመሪያው ከአረብኛው አስ-ሳቂያ፣ ሁለተኛው ከአዝ-ዘይት የመጣ ነው።

በቫሌንሲያ ከተማ በየሳምንቱ ሐሙስ ቀትር ላይ የገበሬዎች ዳኞች በካቴድራሉ በር ተቀምጠው የመስኖ ውኃ ክርክር በቃል ሰምተው ይፈርዳሉ። የዚህ ሸንጎ መነሻ ከአንደሉስ ዘመን እንደሆነ ይነገራል፤ ካቴድራሉ የቆመውም በቀድሞው ታላቅ መስጂድ ቦታ ላይ ነው። ዩኔስኮ በ2009 ይህን ሸንጎ ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስፍሮታል። እዚህ ጥምጥም የጠመጠመ ተዋናይ የለም፤ የሚጮህ ከበሮም የለም። ነገር ግን ውኃው በፍትህ ይከፋፈላል። የዚያ ዘመን እውነተኛ ቅርስ የትኛው እንደሆነ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ።

ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ግን ነገሩ ተለወጠ። ገርናጣ (ግራናዳ) በ1492 ስትገባ ሃይማኖታቸው፣ መስጂዳቸውና ሕጋቸው እንደሚጠበቅ በውል ተጽፎላቸው ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላ ውሉ ፈረሰ። የገርናጣ ሙስሊሞች በግዳጅ ተጠመቁ፤ በ1502 የካስቲል ሙስሊሞች ወይ እንዲጠመቁ ወይ እንዲወጡ ታዘዘ። የቫሌንሲያዎቹ ደግሞ በ1520ዎቹ ተራቸው ደረሰ። ከዚያ በኋላ ‹‹ሞሪስኮ›› ተባሉ። በ1567 የወጣው የንጉሥ ዳግማዊ ፊሊጶስ አዋጅ በገርናጣ አረብኛ መናገርን፣ የራሳቸውን ልብስ መልበስንና የመታጠቢያ ቤቶቻቸውን ሳይቀር ከለከለ። ዛሬ ለበዓል ማድመቂያ የሚለበሰው ልብስ ያኔ ወንጀል ነበር!

በመጨረሻ በ1609 የመባረሩ አዋጅ ወጣ፤ የተጀመረውም በቫሌንሲያ ነው። እስከ 1614 ድረስ ወደ 300,000 የሚጠጉ ሰዎች ከመላው ስፔን በመርከብና በእግር ተባረሩ። ከብዙዎቹ ላይ ሕፃናት ልጆቻቸው ተነጥቀው ቀርተዋል። ከአል-አዝረቅ አገር ብዙም በማይርቀው በላጓር ሸለቆ አንሄድም ያሉት በተራራ ላይ ተከበው ተሸነፉ። ባዶ በቀሩት መንደሮች ከማዮርካ ደሴት የመጡ ሰፋሪዎች ገቡ። በአልካላ ሸለቆ አትሱቢየታ የተባለችው የሞሪስኮዎች መንደር ፍርስራሽ ዛሬም ቆማለች።

የተባረሩት ሞሮኮ፣ አልጀርያና ቱኒዚያ ደረሱ። በቱኒዚያ ቴስቱር የተባለችውን ከተማ መሠረቱ። በዚያች ከተማ ታላቁ መስጂድ ሚናራ ላይ ቁጥሮቹ ተገልብጠው የተጻፉበት፣ ወደ ኋላ የሚዞር ሰዓት አለ። የቱኒዝ ቀይ ቆብ ሥራ ያደገውም በእነሱ እጅ ነው።

ከወለል ሥር የተደበቁ ኪታቦች

እነዚያ ሰዎች መቶ ዓመት ያህል በስውር እንዴት ዲናቸውን ጠበቁ? በ1504 የወህራን (ኦራን) ተወላጅ የሆኑት ዓሊም አሕመድ ኢብን አቢ ጁምዓ ለእነዚህ ሙስሊሞች ፈትዋ ጽፈው ልከዋል። በግዳጅ ውስጥ ያለ ሰው ሶላቱን በምልክት እንኳን ቢሰግድ፣ ልቡ በኢማን ላይ እስከጸና ድረስ ተስፋ እንዳይቆርጥ የሚያጽናና ነው። ፈትዋው ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል፤ ወደ እነሱ ቋንቋም ተተርጉሟል።

ትርጉሙ የተጻፈበት መንገድ ደግሞ የሚደንቅ ነው። ሞሪስኮዎች ውለው አድረው አብዛኞቹ አረብኛ መናገር ረሱ። ፊደሉን ግን አልረሱም። ስለዚህ የስፔን ቋንቋቸውን በአረብኛ ፊደል ይጽፉ ጀመር። ይህ ጽሑፍ ‹‹አልሃሚያዶ›› ይባላል፤ ቃሉ የመጣው ከአረብኛው አል-ዐጀሚያ ነው። የነብያት ታሪክ፣ የፊቅህ ትምህርት፣ ዱዓ፣ የቁርአን ትርጉም በዚህ መንገድ ጻፉ። ሲባረሩም ይዘውት መሄድ ያልቻሉትን ደበቁት።

በ1884 በአራጎን፣ አልሞናሲድ ዴ ላ ሲዬራ በተባለች ከተማ አንድ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ከሁለት ወለል መካከል በርካታ የእጅ ጽሑፎች ተገኙ። ምን እንደሆኑ ሳይታወቅ ከፊሎቹ ተቃጠሉ፤ የተረፉት በምሁራን እጅ ገቡ። አንድ አባት ኪታቡን ጠቅልሎ፣ ወለሉን መልሶ ጠርቦ፣ ቤቱን ዘግቶ ሲሄድ አስቡት። እመለሳለሁ ብሎ ነበር። ይህንን የትኛውም ሰልፍ ሊያሳየን አይችልም።

ፍርዳችን በፍትህ ይሁን

ውድ አድማጮች፣ ይህን ታሪክ የማነሳው ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። በሱረቱል ማኢዳ አላህ (ሱ.ወ.) ለሕዝቦች ያለን ጥላቻ ፍትህን እንድንተው እንዳይገፋፋን አዞናል። ስለዚህ ለአልኮይ ሰዎችም ፍትሃዊ መሆን ይገባናል። አብዛኞቹ በዓላቸውን የሚያከብሩት በክፋት አይደለም፤ አንዱ ወንድም ሙር ሌላው ክርስቲያን ሆኖ በአንድ ገበታ ይበላሉ። በአንዳንድ የአካባቢው ከተሞች ግን በነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስም የሚጠራ ምስል ይቃጠል ወይም በባሩድ ይፈነዳ ነበር። በ2006 ቦካይረንትን የመሳሰሉ ከተሞች ይህን ድርጊት ትተዋል፤ መልካም አድርገዋል እንላለን። በስፔን ከሚኖሩ ሙስሊሞች መካከል በዓሉ ጨርሶ ይቅር የሚሉ አሉ፤ የሰፈሩ ባህል ነው ብለው የሚያልፉትም አሉ።

ፍትህ ለራሳችን ወገንም ይሠራል። አንደሉስ ሁልጊዜ ገነት አልነበረችም። ሙወሒዶች በ12ኛው ክፍለ ዘመን ቁርጡባን ሲይዙ አይሁዶችና ክርስቲያኖች ተጨንቀዋል፤ በዓለም የታወቀው የአይሁዱ ሐኪምና ፈላስፋ የሙሳ ኢብን መይሙን ቤተሰብ አገሩን ለቆ የተሰደደው በዚያ ምክንያት ነው። የእኛን ወገን በደል ደብቀን የሌላውን ብቻ የምንቆጥር ከሆነ እኛም የራሳችንን የእንጨት ግንብ ሠርተን እየተዋጋን ነው ማለት ነው።

የስፔን መንግሥትም የሚጠየቅበት ጉዳይ አለ። በ2015 በወጣ ሕግ በ1492 የተባረሩት አይሁዶች ዘሮች ዜግነት እንዲያገኙ በር ተከፍቶ ነበር፤ ተገቢ ካሣ ነው። ለሞሪስኮዎቹ ዘሮች ግን እንዲህ ያለ በር አልተከፈተም። ልብሱን ማክበርና የልብሱን ባለቤት ማስታወስ የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

እኛስ ምን በእጃችን አለ?

ዐጀም የሚለው ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም። የወሎ ዑለማዎቻችን አማርኛውን በአረብኛ ፊደል ሲጽፉ ኖረዋል፤ ስሙም ያው ዐጀም ነው። መንዙማው፣ የተውሒድ ትምህርቱ፣ ምክሩ በዚህ መንገድ ለሕዝቡ ደርሷል። የግዳጅ ታሪኩም ቢሆን ሩቅ አይደለም። በ1878 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች በሦስት ዓመት ውስጥ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ታዘው ነበር። በዚያ ጊዜ የጸኑትና የተቃወሙት እንደ ሸኽ ጦልሐ ኢብን ጃዕፈር ያሉ ዑለማዎች በአማርኛ ዐጀም ግጥም የጻፉ ነበሩ። የወሎ ታሪክ ግን ከሞሪስኮዎቹ በተለየ መንገድ ሄደ። አፄ ዮሐንስ በ1889 ከሞቱ በኋላ በግድ የተለወጡት ብዙዎቹ ወደ እምነታቸው ተመለሱ። ሕዝቡ በአገሩ ቀረ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ መንዙማውን የሚያዜመው ባለቤቱ ራሱ ነው።

ታዲያ የቀሩትን ኪታቦች ምን እያደረግናቸው ነው? በየገጠሩ በሐሪማው ጓዳ፣ በአያቶቻችን ሣጥን ውስጥ በዐጀም የተጻፉ ወረቀቶች አሉ። ምስጥ የሚበላቸው አሉ፤ ጣሪያ የሚያፈስባቸው አሉ፤ ‹‹አረብኛ ይመስላል ግን አይነበብም›› ተብለው የተጣሉ አሉ፤ ለነጋዴ የተሸጡም አሉ። የአልሞናሲድ ኪታቦች ሲቃጠሉ ባለቤቶቻቸው ከመቶዎች ዓመታት በፊት ተባረው ነበር። እኛ ግን ቤታችን ውስጥ ነን።

በመሆኑም ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ በቤታችሁ ወይም በዘመዶቻችሁ ቤት የቆየ ኪታብ ካለ ከእርጥበትና ከምስጥ ጠብቁት፤ አትሽጡት፤ ፎቶ አንሱት። ሁለተኛ፣ ዐጀም ማንበብ የሚችሉ ሽማግሌ ካሉ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና አስነብቧቸው፤ ድምጻቸውንም ቅረጹ። የጻፈው ማን እንደሆነ፣ የት እንደተጻፈ፣ ከማን እንደተወረሰ በወረቀት አስፍሩ። ሦስተኛ፣ ለልጆቻችሁ ታሪክ ስትነግሩ የድሉንም የበደሉንም፣ የእኛንም የሌላውንም በሚዛን ንገሩ። ልጁ ጎራዴ ይዞ ሶላሁዲንን ሆኖ ቢጫወት ደስ ይበላችሁ፤ ከጨዋታው በኋላ ግን ሶላሁዲን በ1187 ቁድስን ሲይዙ ነዋሪዎቿን በቤዛ እንዲወጡ መፍቀዳቸውንም ይወቅ።

አላህ (ሱ.ወ.) በአንደሉስ በስውር ሰግደው ለሞቱት፣ ኪታባቸውን ቀብረው ለተሰደዱት ሁሉ ይዘንላቸው። የተረፈልንን አደራ የምንጠብቅ፣ ስንናገርም ስንፈርድም ፍትሃዊ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።